ጎታ ያልገባ

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም.፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። የዲቪ ሰሞን ነበር። የዲቪን ሰሞን የሚያውቅ አንባቢ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት አይቸገርም። ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዴ ተወጥሯል፤ ወጣቶች ተራ በተራ እየቆሙ ሳይስቁ ፎቶ ይነሣሉ፤ የልጁን የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለማዞር በጣቱ የሚቆጥር አባወራ አለ፤ ጸሐፊዋም «ስምዎን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚጽፉት?» እያለች ደጋግማ ትጠይቃለች። እኔ ከዚህ ሁሉ ግርግር ጥግ ይዤ፣ የአያቴን ድምፅ በጆሮዬ እያደመጥኩ እጽፋለሁ።

አያቴ የወገራ ሰው ነበረች። ወገራ ማለት ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲኬድ መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚያሳርፈው፣ ገብስና ስንዴ የሚታፈስበት፣ ጎንደር በነገሥታቱ ዘመን እንኳ ጎተራዬ ትለው የነበረ ደጋ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. እሷ ዘንድ ሰንብቼ አራት ሰዓት ያህል ድምፅ በስልኬ ቀድቼ ነበር። ያገባችበትን፣ የወለደችበትን፣ የሰባ ሰባቱን ክፉ ዘመን፣ የአዝመራውንና የአውድማውን ሥራ ሁሉ ነገረችኝ። በሐምሌ ዐረፈች። እንግዲህ ያን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመመለሱ ጉዳይ ከሥራነት አልፎ እንደ ተዝካር ያለ ዕዳ ሆኖብኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ገጾች አዲስ አበባ ሳለሁ ጽፌ ለራሴው በኢሜይል ልኬያቸዋለሁ። ጎንደር ስደርስ ኢሜይሌን ከፈትኩና ከመልእክቱ ጋር የተያያዘውን ፋይል እዚያው እንዳለ ተጫንኩት። ተከፈተ። መጻፍ ስጀምር ኮምፒዩተሩ ‹ይህ ፋይል ለንባብ ብቻ ነው› አለኝ። በሌላ ስም ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎን አልኩት። ስም ሲጠይቀኝ ‹አያቴ› ብዬ ሰጠሁት። የት እንደሚያስቀምጠው ግን ከላይ በትንሹ ጽፎ ነበር፣ እኔም አላየሁለትም። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ በየአምስት ደቂቃው ሴቭ እያደረግሁ፣ ማታ ማታ በወጉ እየዘጋሁ፣ ጠዋት ጠዋት ‹በቅርብ የተከፈቱ› ከሚለው ዝርዝር ላይ እያነሣሁ ጻፍኩ። ያ ሳምንት ደግሞ መብራት ያልጠፋበት ብርቅ ሳምንት ነበር። ለዲቪው ሥራ ሲባል ኮምፒዩተሮቹ ሌሊትም አይጠፉም ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በፊት ሃያ አምስተኛው ገጽ ላይ ደርሼ የአያቴን የመጨረሻ ቃል ጻፍኩ። ሴቭ አደረግሁ፣ ዘጋሁ። ስልኬ ‹ቦታ የለም› እያለ ሲያስቸግረኝ ስለ ሰነበተ ድምፁን አጠፋሁት። ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ስማር አንድ መምህራችን «ጽሑፉ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ቅጂውን እንዳትነኩት» ይሉን ነበር። ጥያቄው ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ።

ምሳ በልቼ ስመለስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮምፒዩተሯ ተነሣች። ከዝርዝሩ ላይ ‹አያቴ›ን ተጫንኩ። እንዲህ ያለ ፋይል የለም አለኝ።

የቤቱ ቴክኒሽያን አንድ የዳባት ልጅ ነበር፤ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። የቤቱን ባለቤት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ ቢያስመርራቸው፣ ኮምፒዩተሮቹን በሙሉ ወደ ኡቡንቱ ያዛወረላቸው ይኸው ልጅ ነው።

«የት ነበር ያስቀመጡት እትዬ?» አለኝ።

«እዚሁ» አልኩት።

በኮምፒዩተር ዓለም ‹እዚሁ› የሚባል አገር እንደሌለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ልጁ የፋይሉን አድራሻ ከዝርዝሩ ላይ አውጥቶ በጣቱ አሳየኝ።

«ቴምፕ ውስጥ ነበር የተቀመጠው።»

«ቴምፕ ምንድን ነው?»

«ጊዜያዊ እንደ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ይጠረጋል።»

«ማን ነው የሚጠርገው?»

«ራሱ ነዋ!»

«ሦስት ቀን ሙሉ እኮ አልጠረገውም!»

«መብራት ስላልጠፋ ነው» አለኝ፣ ጥፋቱ የመብራት ኃይል ቸርነት እንደሆነ ሁሉ እያዘነልኝ።

ወጥቼ ከጃንተከል ዋርካ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው ሲከፋው የሚያየው ነገር ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለዋል፤ ፊት ለፊቴ የፋሲል ግንብ ቆሟል። ነገሥታቱ በድንኳን ሲዘዋወሩ በኖሩበት በዚያ ረጅም ዘመን ‹ከተማ› ማለት የጦር ሰፈር ማለት ነበር፤ የዙሪያው እንጨትና ቀለብ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ከተማውም ይሄዳል። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. እዚህ ቦታ ላይ ድንጋይ በኖራ ሲያስይዙ፣ ‹ከአሁን ወዲያ አንነቀልም› ማለታቸው ነበር። እርግጥ ድንጋዩም ቢሆን ሁሉን አላመለጠም፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ጣልያን ሰፍሮበት ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደብድቦታል። ይሁንና ግንቡ ዛሬም አለ፤ ከሱ በፊት የነበሩት የድንኳን ከተሞች የት እንደነበሩ የሚያውቀው የታሪክ ተመራማሪ ብቻ ነው። የኔ ሃያ አምስት ገጽ ድንኳን ውስጥ ነበር ለካ።

በማግስቱ ልጁን ቡና ጋበዝኩትና የዚህን ‹ቴምፕ› የሚባል ነገር ጠባይ እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ቂም እንደያዘ ሰው፣ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ።

ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ሲጀመር፣ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የሚባሉት ጀማሪዎቹ የኖሩበት ዘመን ዛሬ እንደምናውቀው ለያንዳንዱ ሰው አንድ ኮምፒዩተር የሚደርስበት ዘመን አልነበረም። በአንድ መሣሪያ ላይ ብዙ ሰው ይሠራል። ፕሮግራም ደግሞ ሲሠራ እንደ አናጢ ፍቅፋቂ ያወጣል። ለምሳሌ አንድ ሺህ ስም በፊደል ተራ አሰልፍ ቢሉት በጭንቅላቱ ይጨርሰዋል፤ አሥር ሚሊዮን ቢሆንበት ግን ከፋፍሎ፣ ቁራጩን ለጊዜው አንድ ቦታ አኑሮ፣ ኋላ ይገጣጥመዋል። ለዚህ ‹ለጊዜው› ለሚለው ነገር ሁሉም ሊገባበት የሚችል አንድ የጋራ ፎልደር ተሰጠ። ስሙም ቴምፕ ተባለ። በ1991 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሊኑክስም፣ በ2004 ብቅ ያለው ኡቡንቱም ይህንኑ ወረሱ። የፎልደሮቹን አቀማመጥ የሚወስነው መመሪያ፣ ፕሮግራሞች እዚያ ያኖሩትን ነገር በሚቀጥለው ጊዜ አገኘዋለሁ ብለው እንዳይተማመኑ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ለፕሮግራሞች እንጂ ለእኔ ቢጤዋ አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የመጣብኝ የአያቴ አውድማ ነው። የከተማ ልጅ አውድማን በስም እንጂ በእግሩ አያውቀውምና ትንሽ ልበልበት። ኅዳር ላይ፣ ሰብሉ ሲደርስ፣ ለነፋስ የተጋለጠ ሜዳ ይመረጥና ሣሩ ይላጫል፤ ይደለደላል፤ በበሬ እበት ይለቀለቃል። ሲደርቅ እንደ ምጣድ ለስልሶ ይቀራል። ነዶው ከክምሩ ላይ እየተናደ ይበተናል፤ በሬዎች እየተሽከረከሩ ያበራዩታል። በመንሽ ወደ ላይ እያነሡ ለነፋስ ይሰጡታል፤ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይወርዳል። አያቴ ጫማዬን ሳላወልቅ ልረግጠው ስል «አንቺ ልጅ! እህል ይረገጣል እንዴ በጫማ?» ብላ የጮኸችብኝን እስካሁን እሰማዋለሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ የተደከመለት፣ በጫማ የማይረገጥ ቦታ፣ እህሉ በስልቻ ተሞልቶ በአህያ ተጭኖ ቤት ከገባ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ክረምቱ ልቅለቃውን ያጥበዋል፤ ሣር ይበቅልበታል፤ ጥጃ ይታሰርበታል። ለከርሞው እንደገና ይላጫል።

አውድማ ንቀት የለበትም፤ እዚያ የሚሠራው ሥራ ከሥራ ሁሉ የከበደው ነው። ግን ማደሪያ አይደለም። ማደሪያው ጎታ ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ናኝ አውድማው ላይ ጎታ ያለ መስሎኝ የከመርኩት።

አውድማውን ብዙ ቤተሰብ ሊጋራው ይችላል፤ የእገሌ ክምር፣ የእገሊት ክምር እየተባለ ጎን ለጎን ይቆማል። ማንም መከመር ይችላል፤ የሌላውን ክምር መንካት ግን ነውር ነው፣ ደምም ያቃባል። ዩኒክስ ይህን ወግ የተማረው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ በጋራው ፎልደር ውስጥ ማኖር የተፈቀደለት ሰው ሁሉ የጎረቤቱንም ፋይል መሰረዝ ይችል ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የበርክሊ ሰዎች ‹ስቲኪ ቢት› የምትባል አንዲት ምልክት ለዚህ ጉዳይ አዋሉ። ምልክቲቱ ያለችበት ፎልደር ውስጥ ማንም ያኖራል፤ የሚያነሣው ግን ባለቤቱ ነው፣ ወይም የሁሉ የበላይ የሆነው ‹ሩት›። ሌባው ግን በዚህም አላረፈም። አንድ ፕሮግራም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ስም ጊዜያዊ ፋይል የሚከፍት ከሆነ፣ ተንኮለኛ ሰው ቀድሞ በዚያው ስም ወጥመድ ያኖርለታል። ስሙ የፋይል ስም ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ግን ወደ ሌላ ፋይል የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ ፕሮግራሙም በየዋህነት ሄዶ የማይነካውን ይነካል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ‹ሜክቴምፕ› በሚባል ትእዛዝ ማንም ሊገምተው የማይችል ስም ያወጣሉ፤ ስሙ አስቀድሞ ተይዞ ከሆነም አይከፍተውም።

ጠረጋውም ቢሆን የራሱ ወግ አለው። አንድ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ዲስክ ሞላባቸውና ቴምፕ ውስጥ ያለውን በሙሉ፣ ሰዎች እየሠሩ ሳለ፣ በእጃቸው ሰረዙት አሉ። በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ቀዳዳዎች እዚያው ውስጥ ስለሚገኙ ቤቱ በሙሉ ተደናበረ። ልጁ ከዚያ ወዲህ የቆየውን ብቻ እየለየ የሚጠርግ አደረገው። ይህን ሥራ ዛሬ በብዙዎቹ ሊኑክሶች ውስጥ የሚያከናውነው ፕሮግራም ሲሠራ የተሰጠው ልማድ፣ በቴምፕ ውስጥ አሥር ቀን ያልተነካውን፣ ‹ቫር ቴምፕ› በሚባለው በሌላው ጊዜያዊ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሠላሳ ቀን ያልተነካውን ማንሣት ነው። ቫር ቴምፕ መብራት ቢጠፋም አይጠረግም። ስለዚህ እንኳ ባውቅ ኖሮ!

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ቢሰረዝ ስሙ ከፎልደሩ ይጠፋል፤ ፋይሉ ራሱ ግን ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ዲስኩ ላይ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ስሙ ከቀበሌ መዝገብ ተሰርዞ ራሱ ከቤቱ አልወጣም ያለ ተከራይ ማለት ነው። ዲስኩ ሞልቷል ይባላል፤ ፈልጉ ሲባል የሞላው ነገር አይገኝም። ይህ ለባለሙያው ራስ ምታት ሲሆን ለእኔ ቢጤው ግን ተስፋ ነበር፤ መብራት ባይጠፋ ኖሮ እንዲህ ያለውን ፋይል በስውር በር ገብቶ መቅዳት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ተከራዩም አብሮ ይወጣል።

ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የተሰረዘ ፋይል ጽሑፉ ወዲያው ከዲስኩ ላይ አይፋቅም፤ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ስም አልባ ሆኖ ይቆያል። በዲቪ ግርግር ኮምፒዩተሯ ላይ ብዙ ተጽፎባታል፤ ሆኖም ‹እንሞክር› አለና ማታ ደንበኛ ካለቀ በኋላ ዲስኩን የሚቆፍር ፕሮግራም አስነሣ። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ፕሮግራሙ ያገኘውን ሁሉ ስም በሌለው ቁጥር እየሰየመ ይደረድር ጀመር።

አያቴ አልወጣችም። የወጡት ሌሎች ናቸው። ነጭ አቡጀዴ ፊት የቆሙ ወጣቶች። የነዋሪነት መታወቂያ ከፊትና ከኋላ። የሥራ ማመልከቻ። ባሏ ጥሏት ስለሄደ ቀለብ እንዲቆረጥላት የምትጠይቅ ሴት ለፍርድ ቤት ያስጻፈችው አቤቱታ፣ ከነልጆቿ ስምና ዕድሜ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ከፍለው፣ ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ‹ጨረስን› ብለው ሄደዋል። የኔ እንዳይጠፋ የፈለግሁት ጠፍቶ፣ የነሱ እንዲጠፋ የሚገባው እዚያ ተቀምጧል።

አቤቱታውን ሁለት መስመር አንብቤያለሁ፤ አልዋሽም። ልጁ እጁን ዘርግቶ ስክሪኑን አጠፋው።

«ይኼን ማየት የለብንም እትዬ» አለኝ።

እንደ ጋዜጠኛ ያፈርኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው። አያቴን ፍለጋ የሰው ቤት ገብቼ ነበር። ልጁ ቁፋሮውን አቁሞ የወጣውን ሁሉ ደመሰሰ፤ በሳምንቱም ደንበኛ ከወንበሩ በተነሣ ቁጥር የተወውን ፋይል ሁሉ የሚጠርግ ነገር ለቤቱ ሠራለት። በላዩ ላይ እየጻፈ እንዲጠርገው እንዳደረገም ነገረኝ፤ እንዲሁ ከተሰረዘማ አይተነዋል። የመጥረጉ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አውድማ ካልተጠረገ የአምናው ገለባ ብቻ ሳይሆን የሰው ገመናም ይከማችበታል።

ዛሬ ነገሩ ይበልጥ ጠብቋል። ፌዶራ የተባለው ሊኑክስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የኡቡንቱ ወላጅ የሆነው ደቢያንም በ2025 ባወጣው በዐሥራ ሦስተኛው እትሙ፣ ቴምፕን ከዲስክ ላይ አንሥተው በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ፣ በራም ላይ እንዲሆን አድርገውታል። ፈጣን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ጠራጊ እንኳ አያስፈልገውም፣ የሚቆፈርም ነገር አይተርፍም። ያቺ የአቤቱታ ባለቤት በዚህ ብታውቅ ደስ ይላታል። እኔ ቅር ይለኛል፤ ግን እሷ ናት ልክ።

«ለምን ኢንተርኔት ላይ አታስቀምጪውም?» የሚሉኝ የአዲስ አበባ ወዳጆች አሉኝ። አስቀምጣለሁ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ጎንደር ያሉ ጓደኞቼ የራሳቸውን ጽሑፍ የሩቅ ዘመድ ያህል ናፍቀውት ከርመዋል። ስለዚህ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት፣ ዋና ዋናውን ደግሞ አሳትሜ ወረቀት ላይ አኖራለሁ። ሴቭ ስል የፎልደሩን ስም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነባለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የምጸልይ ይመስለዋል።

እንደምታዩት ተምሬያለሁ፤ ግን በግማሽ ነው። ላፕቶፔ ላይ ‹ለጊዜው› የሚል ፎልደር አለኝ፤ ከተከፈተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ግማሹን ዲስክ በልቶታል። ‹በጊዜያዊነት› ተቀጥሮ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ዘመድም አለኝ። እኛ አገር ጊዜያዊ የሚባል ነገር ሲነቀል አላየሁም፤ ኮምፒዩተሩ ቃሉን እንዳለ ስላመነው ነው የተጣላነው።

ከጠፉት አሥራ ዘጠኝ ገጾች ውስጥ በቃል ያስታወስኩትን ሰብስቤ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነልኝ። የሰባ ሰባቱ ታሪክ የለም፤ ማን ከማን ቤት ተጠግቶ እንደተረፈ በስም ቆጥራልኝ ነበር፣ ስሞቹ ሄደዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ቋጠሮ ቀርታልኛለች፤ አያቴ አውድማው ዳር ቁጭ ብላ «ጎታ ያልገባ እህል እህል አይባልም» ብላኛለች። በየስብሰባው፣ በየጽሑፉ ስጠቅሳት ኖሬያለሁ። ቆይቶ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ይህን ያለችው እሷ ናት? ወይስ ያን ዕለት ጃንተከል ሥር ተቀምጬ፣ ሲከፋኝ፣ ራሴ ፈጥሬ ለሷ አፍ ሰጠኋት? የሚፈርደው ፋይሉ ነበር።

አምና ወገራ ሄጄ አክስቴን ጠየቅኋት። ከእናቷ ጋር ዕድሜ ልኳን የኖረች ናት። አውድማው ላይ ሣር በቅሎበት ጥጃ ታስሮበታል። ዓረፍተ ነገሯን በአያቴ አነጋገር አስመስዬ ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች።

«ኧረ ወዲያ! እናቴ ምሳሌ የሚያበዛ ሰው አትወድም ነበር» አለችኝ። «ያንቺ ይሆናል።»